ንጉሡ የማይገባበት ጎጆ፦ ስለ ሥልጣን የተነገሩ የእንግሊዝ አባባሎች ማንን ጠቀሙ?

በ1763 የእንግሊዝ መንግሥት ሳይደር በሚባል መጠጥ ላይ ግብር ጣለ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ሳይደር ከፖም የሚጠመቅ ነው። በምዕራብ እንግሊዝ ገበሬው ለቤቱ ይጠምቀዋል፤ እንደኛ ጠላ ማለት ነው። ሕዝቡን ያስቆጣው የግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ሕጉ ግብር ሰብሳቢው ሰው ቤት ገብቶ በርሜል እንዲቆጥር ይፈቅድ ነበር። ሰው የተቆጣው ይበልጥ በዚህ ነው።

ዊልያም ፒት የተባለው ፖለቲከኛ ግብሩን በፓርላማ ተቃወመ። በዚያ ክርክር ተናገረው ተብሎ የሚጠቀሰው ቃል እስከ ዛሬ ይታወሳል። የድሃ ጎጆ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ጣራው ሊንቀጠቀጥ፣ ነፋስ ሊገባበት፣ ዝናብ ሊወርድበት ይችላል፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ግን ሊገባበት አይችልም አለ። ግብሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ተሻረ።

ፒት ይህን ሐሳብ ከባዶ አልፈጠረውም። «የእንግሊዛዊ ቤቱ ምሽጉ ነው» የሚለውን ሁሉም የሚያውቀውን አባባል ነው ያስፋፋው።

እንዲህ ያሉ አባባሎች ወደ አማርኛችንም ገብተዋል። «ሥልጣን ያባልጋል፤ ፍጹም ሥልጣን ደግሞ በፍጹም ያባልጋል» የማይል የፖለቲካ ተከራካሪ ጥቂት ነው። «የዘገየ ፍትሕ እንደተነፈገ ይቆጠራል» የሚለውን በፍርድ ቤት ኮሪደር ቀጠሮ የሰለቸው ባለጉዳይ ሁሉ ይለዋል። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሳቸው እንደ ተጠናቀቀ ጥበብ ነው። እኔ ግን ከጀርባቸው ጠብ ይታየኛል። እያንዳንዳቸው ጉልበት ያለውና የሌለው ሲሟገቱ የተነገሩ ናቸው። አንዳንዶቹ አሸንፈው ሕግ ሆኑ፤ አንዳንዶቹ እሮሮ ሆነው ቀሩ። የትኛው ያሸንፋል የሚለውን የወሰነው የአባባሉ እውነትነት አይመስለኝም። ንብረት ያለው ሰውም የሚፈልገው አባባል ቶሎ ሕግ ሆነ። ድሃው ብቻውን የተናገረው ግን መቶ ዓመታት ጠበቀ።

የምሽጉን አባባል እንውሰድ። ወደ ሕግ መጻሕፍት የገባው በ1604 በአንድ የዕዳ ክርክር ነው። ለንደን ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። አንደኛው ዕዳ ሳይከፍል ሞተ። አበዳሪው ሲሜይን የሟቹን ዕቃ ለማስያዝ የመንግሥት ሹም ይዞ መጣ። በሕይወት ያለው ግሬሻም በሩን ዘጋ። ክርክሩን መዝግቦ ያስቀረልን ኤድዋርድ ኮክ የተባለው ታዋቂ የሕግ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ቤቱ ቤተ መንግሥቱና ምሽጉ ነው የሚለው ሐሳብ እዚያ ላይ ሰፈረ። ፍርዱ ግን ሙሉ በሙሉ በሩን አልዘጋም። በተራ የዕዳ ጉዳይ ሹሙ በር መስበር አይችልም። ጉዳዩ የንጉሡ ከሆነ ግን መጀመሪያ ማንነቱን ተናግሮ፣ ክፈቱ ብሎ ጠይቆ፣ እምቢ ሲሉት መስበር ይችላል።

ይህን ማስተዋል ይጠቅማል። በ1604 ንጉሡ አንኳኩቶ ይገባ ነበር። ፒት በ1763 ሲናገር ግን «ንጉሡ አይገባም» ሆኗል። መሐል ላይ የነበረው ጊዜ ቀላል አልነበረም። እንግሊዞች የእርስ በርስ ጦርነት ተዋግተዋል፤ አንድ ንጉሥ አንገቱ ተቆርጧል፤ ሌላው ተባርሯል።

ከፒት ንግግር ጥቂት ወራት በፊት፣ በ1762፣ ደግሞ የንጉሡ መልእክተኞች የጆን ኤንቲክን ቤት ሰብረው ገብተው ነበር። ኤንቲክ ጸሐፊ ነው። ለአራት ሰዓት ያህል መሳቢያና ሣጥን በርብረው ወረቀቶቹን ወሰዱ። በእጃቸው የአንድ ሚኒስትር የፈቃድ ወረቀት ነበር። ኤንቲክ ከሰሳቸው። በ1765 ዳኛው ሎርድ ካምደን የሰጡት መልስ አጭር ነው፦ እንዲህ ያለ ሥልጣን ሕግ ከሆነ በመጻሕፍታችን ውስጥ ይገኛል፤ እዚያ ከሌለ ሕግ አይደለም። ኤንቲክ አሸነፈ። መንግሥት በጽሑፍ ያልተሰጠውን ሥልጣን «ለአገር ደኅንነት» ብሎ መውሰድ አይችልም የሚለው መርሕ ከዚህ ፍርድ ብዙ ጉልበት አግኝቷል።

አባባሉ አትላንቲክንም ተሻገረ። በ1761 ቦስተን ውስጥ ጄምስ ኦቲስ የተባለ ጠበቃ የእንግሊዝ ጉምሩክ ሠራተኞች በፈለጉት ቤት ገብተው እንዲፈትሹ የሚያስችለውን ፈቃድ የተቃወመው በዚሁ አባባል ነው። በ1791 የጸደቀው አራተኛው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያም ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ዝርዝር ፈቃድ የሰው ቤት እንዳይፈተሽ ይከለክላል። ዛሬ አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ፖሊስ በሩን ሲያንኳኳ «የዳኛ ፈቃድ አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቀው በዚህ መብት ነው።

ግን የማን ቤት ነበር ምሽግ? ያገባች እንግሊዛዊት እስከ 1882ቱ ሕግ ድረስ ብዙውን ንብረቷን በራሷ ስም መያዝ አትችልም ነበር። ምሽጉ የባሏ ነው። በቅኝ ግዛትማ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። በ1950ዎቹ ኬንያ ውስጥ የማው ማውን አመጽ ለማፈን እንግሊዞች አንድ ሚሊዮን ገደማ የኪኩዩ ሕዝብ ከየቤቱ አንስተው በአጥርና በጥበቃ ወደተከበቡ መንደሮች አስገቡ። እዚያ ቤት ያቃጠለው ወታደር አገሩ ሲመለስ የራሱ ቤት ምሽጉ ነበር። ስለዚህ አባባሉ ውስጥ ያለው «እንግሊዛዊ» የሚለው ቃል ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ ይወስን ነበር።

የድሆቹ አባባሎች ታሪክ የተለየ ነው። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች በነፍስ ወከፍ ግብር ምክንያት አመፁ። ግብሩ በአራት ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ መጣሉ ነበር። ጆን ቦል የተባለው ቄስ ከለንደን ወጣ ብሎ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሰበከ። «አዳም ሲቆፍር፣ ሔዋን ስትፈትል፣ ያን ጊዜ ጌታው ማን ነበር?» አላቸው። እንደኛ ባለ መጽሐፍ ቅዱስ በሚያውቅ ኅብረተሰብ ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። ባላባቶቹም በክርክር አልመለሱትም። የአመጹ መሪ ዋት ታይለር ከንጉሡ ጋር ሊነጋገር በቀረበበት ተገደለ። ቦልም በወሩ ተሰቀለ።

ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ማርጋሬት ታቸር ያንኑ ዓይነት ግብር አመጣች። ባለ ቪላውም የአንድ ክፍል ተከራዩም በአንድ አካባቢ ተመሳሳይ ገንዘብ እንዲከፍል ነው። መጀመሪያ ስኮትላንድ ላይ በ1989 ተሞከረ፤ በ1990 ወደ እንግሊዝና ዌልስ ተሻገረ። ሚሊዮኖች አንከፍልም አሉ። በማርች 31 ቀን 1990 የለንደኑ ትራፋልጋር አደባባይ በረብሻ ተናጠ። በኅዳር ታቸር ከሥልጣን ወረደች፤ ግብሩም በ1993 በሌላ ተተካ። በዚህኛው ጊዜ ሕዝቡ የመምረጥ መብት ነበረው። የራሷ ፓርቲ ሰዎች ወንበራቸውን እንዳያጡ ፈሩ። የ1381ዎቹ ያልነበራቸው ይህ ነው።

ስለ ዝይዋ የተባለውንም ላንሳ፤ ከሁሉም ይበልጥ የምወደው እሱን ነው። ደራሲው አይታወቅም። ከወል መሬት ላይ ዝይ የሰረቀውን ሕጉ ይቀጣል፤ ከዝይዋ ላይ የወል መሬቱን የሰረቀውን ትልቁን ሌባ ግን ይለቀዋል ይላል። ሕዝቡ ከብት ያሰማራበት፣ እንጨት የለቀመበት የጋራ መሬት እየታጠረ ለባለሀብት ይሰጥ ነበር። ከ1604 እስከ 1914 ፓርላማው ከ5,200 በላይ እንዲህ ያሉ ሕጎች አውጥቷል። የታጠረው መሬት የእንግሊዝን አንድ አምስተኛ ያልፋል። ሁሉም የሆነው በሕግ ነው። ሕጉን ያወጡት ደግሞ ብዙዎቹ ራሳቸው ባለ ርስት ነበሩ። የቦታ ጥያቄ በሚያንገበግበን በእኛ ዘንድ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም።

ባለሥልጣናቱም የራሳቸው አባባል ነበራቸው። «ንጉሥ አያጠፋም» ይሉ ነበር። እኛም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንላለን። በእንግሊዝ ይህ የአነጋገር ዘይቤ ብቻ አልነበረም። የመንግሥት መኪና ቢገጭህ መንግሥትን እንደ ማንኛውም ሰው ከሰህ ካሳ ማግኘት አትችልም ነበር። ይህ የተለወጠው በ1947 በወጣ ሕግ ነው። ዲሞክራሲ አስተማሪ ተብላ በምትጠራ አገር ይህን ያህል መዘግየቱ ያስደንቀኛል።

«ሥልጣን ያባልጋል» የሚለው የሎርድ አክተን ቃልም የተወለደው ከዚሁ ክርክር ነው። አክተን የታሪክ ሰው ነው። በኤፕሪል 1887 ለክሬይተን፣ ለሌላ የታሪክ ጸሐፊ ቄስ፣ ደብዳቤ ጻፈ። ክርክራቸው የድሮ የሮማ ሊቃነ ጳጳሳትን ሥራ እንዴት እንፍረድ የሚል ነበር። አክተን ያልተቀበለው አንድ ነገር ነው። ሊቀ ጳጳሳትና ንጉሥ እንደ ሌላው ሰው ሳይሆን «አላጠፉም» ከሚል ቅን ግምት ተነስተን እንፍረዳቸው የሚለውን። ግምት ካስፈለገ ሥልጣን በያዘው ላይ ይሁን፤ ሥልጣኑ ሲጨምር ግምቱም ይጨምር አለ። ታዋቂው ዐረፍተ ነገር ከዚህ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። እኛ ዐረፍተ ነገሩን ይዘን ምክንያቱን ጣልነው። ምክንያቱ ግን ይበልጣል። አክተን የሚያወራው ስለ ሰው ጠባይ ብቻ ሳይሆን ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙ በማን ላይ ይውደቅ ስለሚለው ነው።

አክተን ራሱ ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ለባርነት የተዋጋው የአሜሪካ ደቡብ ሲሸነፍ አዝኖ የደቡቡን ጦር ለመራው ለጄኔራል ሊ በ1866 ደብዳቤ ጽፏል። የማዕከላዊ መንግሥትን ሥልጣን ፈራ፤ ጌታ በባሪያው ላይ ያለውን ፍጹም ሥልጣን ግን በዚያው ዓይን አላየውም።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። የአክተን ጥያቄ በቅርቡ በእንግሊዝ መቶዎችን ያሳሰረ ጉዳይ ሆኖ ተመልሷል።

በእንግሊዝ የመንደር ፖስታ ቤቶችን የሚያስተዳድሩት አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ነጋዴዎች ናቸው። ሱቃቸው ጥግ ላይ የጡረታ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ቴምብር ይሸጣሉ። በ1999 ፖስታ ቤቱ ሆራይዘን የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ማስገባት ጀመረ። ሥርዓቱን ያቀረበው ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሒሳብ መጉደል ጀመረ። ኮምፒውተሩ ይህን ያህል ሺህ ፓውንድ ጎድሏል ይላል። ሰዎቹ አልወሰድንም ይላሉ። ውላቸው ጉድለቱን ከኪሳቸው እንዲተኩ ያስገድዳቸው ነበር። ቤታቸውን አስይዘው፣ ከዘመድ ተበድረው ከፈሉ። ስልክ ደውለው ሲጠይቁ ብዙዎቹ «ይህ ችግር ያጋጠመው እርስዎን ብቻ ነው» ተባሉ። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በሒሳብ ማጭበርበር ተፈረደባቸው። አብዛኞቹን የከሰሰው ፖስታ ቤቱ ራሱ ነው፤ ከሳሽም መርማሪም እሱ ነበር። ነፍሰ ጡር ሆና የታሰረች ሴት አለች።

ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ተፈረደበት? አንዱ ምክንያት ግምት ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ተቃራኒ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ ኮምፒውተር በትክክል ሠርቷል ብለው ይገምታሉ። ቀድሞ የነበረው ሕግ ማሽኑ በትክክል መሥራቱ እንዲረጋገጥ ይጠይቅ ነበር። በ1999 ተሻረ። ስለዚህ የመንደር ሱቅ ባለቤቷ የማታየውን፣ የማትነካውን ሥርዓት ስህተት እንድታረጋግጥ ተጠበቀ። መረጃው ሁሉ ያለው በከሳሿ እጅ ነው። አክተን እንዲገለበጥ የፈለገው ግምት ይህ ነው። «ንጉሥ አያጠፋም» የሚለው በ1947 በአንድ በር ወጥቶ «ማሽን አያጠፋም» ሆኖ በሌላው ገባ ማለት እችላለሁ።

እንግሊዞች «ለሀብታም አንድ ሕግ፣ ለድሃ ሌላ ሕግ» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ አባባሉ በቁጥር ይታያል። አለን ቤትስ የተባለው፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ የመንደር ፖስታ ቤት ያስተዳድር የነበረ ሰው፣ 555 ሰዎችን አስተባብሮ ፖስታ ቤቱን ከሰሰ። በ2019 ዳኛው ፍሬዘር ፈረዱላቸው። የፖስታ ቤቱን ክርክር በዚህ ዘመን መሬት ዝርግ ናት ብሎ ከመሟገት ጋር አመሳሰሉት። ፖስታ ቤቱ 57.75 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ለጠበቃና ለክሱ ገንዘብ ላዋሉት ድርጅቶች ሄደ። ለእያንዳንዱ ተበዳይ የደረሰው በአማካይ 20,000 ፓውንድ ገደማ ነው። ቤት ንብረቱን ላጣ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ፖስታ ቤቱ ግን የተከራከረው የመንግሥት በሆነ ተቋም ገንዘብ ነው።

በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የ39 ሰዎችን ጥፋተኝነት በአንድ ቀን ሰረዘ። የቀሩት ግን መጠበቅ ነበረባቸው። ነገሩ የተንቀሳቀሰው በጃንዋሪ 2024 ታሪኩ በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲቀርብ ነው። አገሩ ሁሉ ተቆጣ። የምርጫ ዓመት ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሰርዝ ሕግ አወጣ። ሃያ ዓመት ያልተሰማ እውነት በወራት ሕግ ሆነ። እውነቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚሰማው ሰው ብዛት ነው። በጁላይ 2025 ጉዳዩን የሚያጣራው አካል የመጀመሪያ ሪፖርት ወጣ። በዚህ ጉዳይ ምክንያት ቢያንስ 13 ሰዎች ሕይወታቸውን ሳያጠፉ እንዳልቀሩ ይናገራል። ስለ ኮምፒውተር የሚደረገው ግምት ይሻሻል ወይ የሚለውን መንግሥት አስተያየት መሰብሰብ የጀመረው በ2025 ነው።

የገንዘቡንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። «ለእምቢልታ ነፊው የከፈለ ዜማውን ያዛል» ይላሉ። በ1997 የሌበር ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ የትምባሆ ማስታወቂያን ከስፖርት አስወግዳለሁ ብሎ ነበር። ከዚያ ፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር እንዲታለፍ ፈለገ። የውድድሩ አለቃ በርኒ ኤክልስተን ከምርጫው በፊት ለፓርቲው አንድ ሚሊዮን ፓውንድ መስጠቱ ታወቀ። ቶኒ ብሌር ግንኙነት የለውም አለ፤ ፓርቲው ግን ገንዘቡን መለሰ። ከዚያ በ2000 የወጣው ሕግ ትላልቅ መዋጮዎች ለሕዝብ እንዲገለጹ አስገደደ። ጥሩ ነው። ግን አንድ ሰው ምን ያህል ይስጥ የሚለው ላይ ጣሪያ አላደረገም። በ2011 የመንግሥት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጣሪያው 10,000 ፓውንድ ይሁን ብሎ መከረ። ፓርቲዎቹ አልተቀበሉትም። በ2023 ደግሞ ፓርቲዎች ለምርጫ እንዲያወጡ የሚፈቀድላቸው የገንዘብ ጣሪያ ከ19 ሚሊዮን ወደ 35 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፍ ተደረገ። ይህን አባባል ሕግ ማድረግ ያለባቸው ሰዎች ገንዘቡን የሚቀበሉት ራሳቸው ናቸው። ያልሆነውም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን እንግሊዝን የሚያነታርከው ግን የዘገየው ፍትሕ ነው። ሐሳቡ የእንግሊዝ ንጉሥ በ1215 ለባላባቶቹ ቃል ከገባበት ማግና ካርታ ከሚባለው ሰነድ ይጀምራል። አንቀጽ 40 ላይ ንጉሡ ፍትሕን ለማንም አንሸጥም፣ ማንንም አንነፍግም፣ በማንም ላይ አናዘገይም ብሎ ቃል ገብቷል። አንቀጽ 39 ደግሞ ነጻ ሰው ያለ እኩዮቹ ፍርድ ወይም ያለ አገሩ ሕግ አይታሰርም ይላል። አብዛኛው ገበሬ ያን ጊዜ ነጻ ሰው አልነበረም፤ ቃሉ ለእሱ የደረሰው ቆይቶ ነው። ሆኖም ከሕዝብ ተመርጠው በከባድ ወንጀል ላይ የሚፈርዱት የ12 ሰዎች ጁሪ ደጋፊዎች ሁሌም አንቀጽ 39ን ይጠቅሳሉ።

በ2025 በእንግሊዝና ዌልስ ከባድ ወንጀሎችን በሚያዩ ፍርድ ቤቶች ከ70,000 በላይ ውዝፍ መዝገቦች ነበሩ። ተደፍራ የከሰሰች ሴት ዓመታት ትጠብቃለች። ምስክር ይረሳል፤ አንዳንዱ ተበዳይ ክሱን ይተዋል። በዲሴምበር የፍትሕ ሚኒስትሩ ዴቪድ ላሚ አንድ ዕቅድ ይፋ አደረጉ። ሦስት ዓመት ወይም ከዚያ በታች እስራት ሊያስፈርዱ በሚችሉ ብዙ ጉዳዮች ጁሪው ይቅር፣ ዳኛ ብቻውን ይፍረድ የሚል ነው። ደጋፊዎቹ የዘገየ ፍትሕ የተነፈገ ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ በእኩዮች የመዳኘት መብት ይከበር ይላሉ። ሁለቱም ማግና ካርታን ይዘዋል። አንቀጽ 40 በአንቀጽ 39 ላይ ተነሥቷል ማለት ይቻላል።

ተበዳዮች መጠበቃቸው ያማል፤ ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ግን ውዝፉን ያመጣው ጁሪው ነው የሚለው አያሳምነኝም። ከ2010 እስከ 2019 ብቻ በእንግሊዝና ዌልስ የመጀመሪያ ደረጃ ወንጀል ከሚያዩት ፍርድ ቤቶች ግማሽ ያህሉ ተዘግተዋል። ዳኞች በዓመት ስንት ቀን እንደሚያስችሉ በበጀት ይወሰናል። ላሚ ራሳቸው በ2017 ባወጡት ጥናት ጥቁሮችና ሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች በጁሪ ፊት አድልዎ እንደማይደርስባቸው አግኝተው ነበር፤ በብዙ ሌሎች የፍትሕ ሥርዓቱ ደረጃዎች ግን ይህን ማለት አልቻሉም። በለንደን የሚኖር የእኛ ልጅ ተጠርጥሮ ቢቀርብ ጉዳዩን የሚያዩት 12 የሰፈር ሰዎች ይሁኑ ወይስ አንድ ዳኛ የሚለው ለእኛም ሩቅ ጥያቄ አይደለም። መጀመሪያ የተዘጉት ችሎቶች ይከፈቱ፤ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና ተከላካይ ጠበቃ ይቀጠር። ከዚያ በኋላ ውዝፉ ካልቀነሰ ያን ጊዜ ስለ ጁሪው መነጋገር ይቻላል።